ረቂቁን ማን ይጥለዋል? ስለ ኮምፒዩተር ጊዜያዊ ፋይሎች

በጽሕፈት ቤት የሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ደብዳቤ ባንድ ጊዜ አይወለድም። መጀመሪያ ይረቀቃል፤ ረቂቁ ለአለቃ ይቀርባል፤ አለቃው በቀይ ቀለም ይሰርዛል፣ ይደልዛል፣ ይጨምራል፤ እንደ ገናም ይጻፋል። በመጨረሻ የተፈረመበት ደብዳቤ ማኅተም ተመትቶበት ለባለ ጉዳዩ ሲሄድ፣ ግልባጩ ወደ መዝገብ ቤት ይገባል። ታዲያ በመካከሉ የተጻፉት ሦስትና አራት ረቂቆች የት ገቡ? አንዳንዱ ተቀዶ ቅርጫት ውስጥ ተጥሏል፤ አንዳንዱ በመሳቢያ ተረስቷል፤ አንዳንዱም ጀርባው ንጹሕ ነው ተብሎ ለሌላ ጽሑፍ ውሏል። ተማሪም ቢሆን ከዚህ ነጻ አይደለም። በሒሳብ ፈተና ጊዜ በመልስ ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው መልሱ ነው እንጂ፣ ማባዛቱና ማካፈሉ የተሠራበት ብጣሽ ወረቀት አይታረምም።

ኮምፒዩተርም እንደዚሁ ነው። እኛ የምናየው ያለቀለትን ሥራ ነው፤ እርሱ ግን ያንን ለማድረስ ከዐይናችን ተሰውሮ ብዙ ብጣሽ ይጽፋል። እነዚህ ብጣሾች «ጊዜያዊ ፋይሎች» ይባላሉ። ለምን እንደሚጻፉ፣ የት እንደሚቀመጡ፣ ማን እንደሚያነሣቸው፣ «ጠፉ» ሲባልስ በውነት ጠፍተው እንደ ሆነ በዚህ ጽሑፍ ለአንባቢዎቼ ለማስረዳት አስቤአለሁ። ነገሩ የባለ ሙያዎች ጉዳይ ነው ብላችሁ ገጹን አትለፉት። ግማሽ ቀን የተደከመበት ሪፖርት የሚጠፋውም፣ በምስጢር ሊያዝ የሚገባው ወረቀት ባልታሰበ ሰው እጅ የሚገባውም ብዙ ጊዜ በዚሁ በር በኩል ነው።

ኮምፒዩተር ለምን ያረቃል?

የመጀመሪያው ምክንያት ጥንቃቄ ነው። በማይክሮሶፍት ዎርድ የተጻፈ ደብዳቤ አርማችሁ «ሴቭ» ስትሉ፣ ፕሮግራሙ በአሮጌው ጽሑፍ ላይ አዲሱን እየደረበ አይጽፍም። እንዲህ ቢያደርግና በመካከሉ መብራት ቢጠፋ፣ ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ የሆነ፣ ለማንም የማይጠቅም ነገር በቀረ ነበር። ስለዚህ አዲሱን ጽሑፍ በሌላ ስም፣ በሌላ ፋይል ላይ አንድም ሳያስቀር ይጽፋል፤ ጽፎ ሲያበቃ ስሞቹን ያለዋውጣል፤ አሮጌውንም ያነሣል። በዚህ መካከል መብራት ቢሄድ ወይ አሮጌው ወይ አዲሱ ሙሉ ሆኖ ይገኛል ማለት ነው። መብራት ሄዶ በሚመጣበት አገር ለምንኖር ሰዎች የዚህ ዘዴ ጥቅም ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ከዚህም ሌላ ዎርድ ሌላ ካልታዘዘ በቀር በየ10 ደቂቃው የሥራችሁን ግልባጭ ለብቻ ያኖራል። ከድንገተኛ አደጋ በኋላ ፕሮግራሙን እንደ ገና ስትከፍቱት የተረፈውን ጽሑፍ የሚያቀርብላችሁ ከዚያ ግልባጭ ነው። በደኅና ከዘጋችሁት ግን ግልባጩን ራሱ ያጠፋዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ሠራተኛ ከሠራተኛ እንዳይጋጭ ነው። በጋራ ፎልደር ውስጥ ያለ ደብዳቤ ስትከፍቱ፣ ዎርድ በአጠገቡ አንድ ትንሽ የተሰወረ ፋይል ያኖራል። ስሙ በሞገድና በዶላር ምልክት ይጀምራል፤ በውስጡም ደብዳቤውን የከፈተው ሰው ስም ተጽፎ ይገኛል። ባልደረባችሁ ያንኑ ደብዳቤ ሊከፍት ሲሞክር «እገሌ እየሠራበት ነው» የሚባለው ከዚያ ተነብቦ ነው። በር ላይ የተንጠለጠለ «ሰው አለ» የሚል ሰሌዳ መሆኑ ነው። ኮምፒዩተሩ በድንገት ከጠፋ ግን ሰሌዳውን የሚያወርድ የለምና፣ ሰውየው ቤቱ ገብቶ እራቱን እየበላ እንኳ «እየሠራበት ነው» ሲባል ሊያድር ይችላል።

ሦስተኛው ምክንያት የጊዜና የቦታ ነገር ነው። ኮምፒዩተር ከማተሚያ ማሽን እጅግ ይፈጥናል። አምሳ ገጽ ሪፖርት እንዲታተም ስታዙ፣ ጽሑፉ በፋይል ላይ ሆኖ ተራውን ይጠብቃል፤ እናንተም ማሽኑ እስኪጨርስ ሳትቈዩ ወደ ሌላ ሥራችሁ ትመለሳላችሁ። ወረቀቱ ታትሞ ሲያልቅ ያ ፋይል ይነሣል። ማሽኑ ወረቀት ነክሶ ሲቈም አሮጌው ሥራ ከሰልፉ ሳይወጣ ቀርቶ የሁላችሁን ሥራ የሚያግደው በዚሁ ምክንያት ነው። የኢንተርኔት ማሰሻም እንደዚሁ አንድ ጊዜ ያመጣውን ሥዕል እንደ ገና ከሩቅ እንዳያመላልስ በዲስክ ላይ ያስቀምጠዋል።

ብጣሾቹ የት ይቀመጣሉ?

በዊንዶውስ እያንዳንዱ ተጠቃሚ «ቴምፕ» የሚባል የራሱ ፎልደር አለው። ልታዩት ብትፈልጉ የዊንዶውስን ቁልፍና የ«አር»ን ፊደል አብራችሁ ተጫኑና፣ በሚከፈተው ሣጥን ውስጥ ቴምፕ የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል በሁለት የመቶኛ ምልክቶች መካከል ጻፉ። ለብዙ ጊዜ ሲሠራበት በቈየ ኮምፒዩተር ላይ በመቶና በሺህ የሚቈጠር፣ ስሙ ትርጉም የማይሰጥ ፋይል ታገኛላችሁ።

የስሙም ነገር ራሱ ታሪክ አለው። ዊንዶውስ ለጊዜያዊ ፋይል ስም ከሚያወጣባቸው መንገዶች አንዱና የቈየው ስሞቹን የሚለየው በአራት ቤት ቁጥር ነው። ቁጥሩ የሚጻፈው በ16 ምልክቶች ስለ ሆነ፣ ከዚያ የሚገኙት ልዩ ልዩ ስሞች 65,535 ብቻ ናቸው። አንድ ፕሮግራም ብጣሾቹን ሳያነሣ ዓመታት ቢቈይ ስም ያልቅበታል። ያን ጊዜ ዲስኩ ባዶ ቦታ ሞልቶት እያለ ፕሮግራሙ «ፋይል መፍጠር አልቻልሁም» ይላል፤ ባለቤቱም ማሽኑ ተበላሸ ብሎ ወደ ጠጋኝ ይወስደዋል። የጠፋው ግን ማሽኑ አልነበረም፤ ያልተጠረገ ቤት ነው እንጂ።

ዩኒክስና የእርሱ ዘር የሆነው ሊኑክስ ሌላ ልማድ አላቸው። በእነርሱ ዘንድ የቴምፕ ፎልደር ለሁሉ የጋራ ነው። ይህም የመንደር አውድማን ይመስላል፤ ሁሉም ነዶውን ሊከምርበት ይችላል። ሁሉ የሚከምርበት ቦታ ግን ሁሉ የሚያነሣበት ከሆነ ጠብ ይመጣል። ስለዚህ በፎልደሩ ላይ አንድ ልዩ ምልክት ተደርጎበታል፤ ማኖር ለሁሉ የተፈቀደ ሲሆን፣ ማንሣት ግን ለፋይሉ ባለቤትና ለሥርዓቱ ኀላፊ ብቻ ነው። በአንድ ትልቅ ኮምፒዩተር ላይ መቶ ተማሪዎች አብረው ቢሠሩ አንዱ የሌላውን ብጣሽ መጣል አይችልም።

ማንሣት የማን ሥራ ነው?

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» እንዲሉ፣ የዚህ ጉዳይ መሠረታዊ ሕግ ብጣሹን የጻፈው ፕሮግራም ራሱ ያንሣው የሚል ነው። በዩኒክስ ዓለም ጐበዞች የሚሠሩበት አንድ ብልኃት አለ። ፕሮግራሙ ፋይሉን ይፈጥርና ሥራው ገና ሳይጀመር ስሙን ከመዝገብ ያስፍቀዋል። ስሙ ቢፋቅም፣ ፕሮግራሙ ይዞት እስካለ ድረስ ፋይሉ በሕይወት ይኖራል። ፕሮግራሙ ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ፣ ወይም ሳይጨርስ ድንገት ሲሞት፣ የያዘው ስለሌለ ቦታው ወዲያው ይለቀቃል። ዊንዶውስም ፋይሉ ሲፈጠር «በተዘጋ ጊዜ አጥፋልኝ» ብሎ አስቀድሞ ለማዘዝ ይፈቅዳል።

ነገር ግን ሁሉም ፕሮግራም እንዲህ ጠንቃቃ አይደለም። ሠሪው በሥራ ላይ እያለ ከሞተ፣ ብጣሹ ወራሽ ሳይኖረው ይቀራል። ያን ጊዜ ጽዳቱ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ዕዳ ይሆናል። እዚህ ላይ ግን ችግር አለ። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አንድ ፋይል ማየት ይችላል እንጂ፣ ሰው ወይም ፕሮግራም ስለዚያ ፋይል ምን እንዳሰበ ማወቅ አይችልም። ያ ፋይል የማያስፈልግ ውዳቂ ይሁን ወይስ የአንድ ሰው የወር ድካም በምን ይለየዋል? መለየት ስላልቻለ ዕድሜ ይቈጥራል። ብዙ የሊኑክስ ዐይነቶች በሚጠቀሙበት «ሲስተምዲ» በሚባለው አገልጋይ ደንብ፣ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠ በቀር፣ በቴምፕ ውስጥ 10 ቀን ያለ ሥራ የቈየ ይነሣል። ትንሽ እንዲቈዩ ለሚፈለጉት ደግሞ ሌላ ፎልደር አለ፤ በዚያ የሚሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነው። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፌዶራ፣ ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ዴቢያን የተባሉት የሊኑክስ ዐይነቶች የቴምፕን ፎልደር በዲስክ ላይ ሳይሆን በራም ላይ አደረጉት። ራም ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ሁሉን የሚረሳ ስለ ሆነ፣ ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ ፎልደሩ ባዶ ይሆናል።

ብዙዎች ዊንዶውስም እንዲሁ የሚያደርግ ይመስላቸዋል፤ አያደርግም። ዊንዶውስ ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ ቴምፕን እንዳለ ይተወዋል። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቀው «ዲስክ ክሊንአፕ» የተባለው ጠራጊ የሚያነሣው ሲታዘዝ ነው፤ ሲታዘዝም ከአንድ ሳምንት በላይ ያልተነኩትን ብቻ ይመርጣል። በ2017 እ.ኤ.አ. በዊንዶውስ 10 የመጣው «ስቶሬጅ ሴንስ» ደግሞ ከተፈቀደለት በራሱ ጊዜ ይጠርጋል።

በእጅ ስልካችሁም ላይ ይኸው ልዩነት አለ። በአንድሮይድ ስልክ የአንድን ፕሮግራም ዝርዝር ስትከፍቱ ሁለት ቁልፎች ጎን ለጎን ታያላችሁ። «ክሊር ካሽ» የሚለው ብጣሹን ብቻ ይጥላል፤ ቦታ ሲጠብ ስልኩ ራሱ ሳይጠይቃችሁ ሊጥለው ይችላል። «ክሊር ዳታ» ወይም «ክሊር ስቶሬጅ» የሚለው ግን ብጣሹን ከመዝገቡ ጋር አብሮ ያቃጥላል፤ የገባችሁበትን ስምና የይለፍ ቃል፣ በስልኩ ላይ ብቻ የነበረውንም ማስታወሻ ይወስዳል። ቦታ ለማስለቀቅ የቸኰለ ሰው የመጀመሪያውን ይጫን እንጂ ሁለተኛውን አይድፈር።

የኪዮቶው ጥፋት

ጽዳት ያለ ጥንቃቄ ምን ያህል እንደሚጐዳ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን በጃፓን የደረሰው ነው። የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ለሳይንስ ምርምር የሚያገለግል እጅግ ትልቅ ኮምፒዩተር አለው። የዚያ ኮምፒዩተር አቅራቢ የሂውሌት ፓካርድ የጃፓን ቅርንጫፍ ነበር። ከጽዳት ትእዛዞቹ አንዱ ከ10 ቀን በላይ የቈዩ የዕለት መመዝገቢያ ፋይሎችን እያነሣ የሚጥል ነው። ሥራው ተራ የጽዳት ሥራ ነው።

በታኅሣሥ ወር 2021 እ.ኤ.አ. የኩባንያው ሰዎች ያንን የትእዛዝ ጽሑፍ አሻሻሉት። ማሻሻላቸው መልካም ነበር፤ ጥፋቱ አሮጌው ትእዛዝ እየሠራ ሳለ አዲሱን በላዩ ላይ ማስቀመጣቸው ነው። ኮምፒዩተር እንዲህ ያለውን የትእዛዝ ጽሑፍ አስቀድሞ አንብቦ አይጨርስም፤ ትንሽ ያነባል፣ ያነበበውን ይፈጽማል፣ ደግሞ ይቀጥላል። መምህር ቃል ጽሕፈት እያነበበ ሳለ፣ መጽሐፉን ከእጁ ወስዳችሁ ሌላ እትም ብትሰጡት፣ እርሱም በዚያው ገጽና በዚያው መስመር ቢቀጥል ተማሪዎቹ ምን ይጽፋሉ? በኪዮቶም የሆነው ይህ ነው። ትእዛዙ «የሚጠረገው ፎልደር ይህ ነው» የሚለውን መስመር ሳያነብ «ጥረግ» ወደሚለው መስመር ደረሰ። የፎልደሩ ስም ባዶ ሆነ፤ መጥረጊያውም ተመራማሪዎች የሥራቸውን ውጤት ባኖሩበት ቦታ ላይ ዐረፈ።

ከታኅሣሥ 14 እስከ 16 ቀን በአውሮፓውያን አቈጣጠር፣ 77 ቴራባይት ያህል፣ በቍጥር ደግሞ 34 ሚሊዮን ገደማ ፋይል ጠፋ። የተጐዱት 14 የምርምር ቡድኖች ሲሆኑ፣ የ4ቱ ፋይሎች ከመጠባበቂያ ቅጂ ሊመለሱ እንደማይችሉ ተገለጠ። ኩባንያውም ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የራሱ መሆኑን አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልገውም። መጥረጊያው የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል፤ ውዳቂውንና ንብረቱን መለየት ግን ሥራው አልነበረም።

ጠፋ ማለት ምን ማለት ነው?

ታዲያ አንድ ጊዜ የጠፋ ፋይል ጨርሶ አይገኝምን? ይህን ለመረዳት እንደ ገና ወደ መዝገብ ቤት እንመለስ። መዝገብ ቤቱ ማውጫ ደብተር አለው፤ በማውጫው ላይ የፋይሉ ስምና የመደርደሪያው ቍጥር ተጽፏል። ኮምፒዩተር ፋይል ሲያጠፋ የሚያደርገው በማውጫው ላይ ያለውን መስመር መሰረዝ ነው። ወረቀቶቹ በመደርደሪያው ላይ እንዳሉ ይቀመጣሉ፤ ቦታው ግን «ክፍት ነው» ተብሎ ስለ ተመዘገበ፣ አዲስ ፋይል ሲመጣ በላያቸው ይጻፋል። በሚሽከረከረው በቈየው ዐይነት ሃርድ ዲስክ ላይ አዲስ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ አሮጌውን ልዩ ፕሮግራም ሊያነብበው ይችላል። ኤስኤስዲ በሚባለው በአዲሱ ዐይነት ዲስክ ላይ ግን ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የተለቀቀውን ቦታ ለዲስኩ ስለሚያስታውቀው፣ ዲስኩ ብዙውን ጊዜ ፈጥኖ ያጸዳዋል፤ የመመለስ ተስፋም ይመነምናል።

ከዚህ ሁለት ተቃራኒ ምክሮች ይወጣሉ። የሚያስፈልጋችሁን ፋይል በስሕተት ካጠፋችሁ፣ መጀመሪያ ሪሳይክል ቢንን ተመልከቱ፤ ከዚያ ከሌለ በዚያ ዲስክ ላይ አንድ ፊደል እንኳ ሳትጽፉ ባለ ሙያ ፈልጉ። ጊዜያዊ ፋይል ግን ፕሮግራም ሲያጠፋው በሪሳይክል ቢን በኩል አያልፍም። የሚያሳፍር ወይም ምስጢር የሆነ ነገር ካጠፋችሁ ደግሞ፣ ስሙ ከዐይናችሁ መጥፋቱን አይታችሁ ልባችሁን አታሳርፉ። ሲምሰን ጋርፊንከልና አቢ ሼላት የተባሉ የአሜሪካው ኤምአይቲ ተማሪዎች ሰው የተገለገለባቸውን 158 ሃርድ ዲስኮች ገዝተው መርምረው፣ ውጤቱን በ2003 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ከዲስኮቹ 129ኙ የሚሠሩ ነበሩ፤ ከእነዚህም በሚገባ ጸድተው የተገኙት 12 ብቻ ናቸው። በሌሎቹ ላይ የሰዎች ደብዳቤ፣ የሕክምና ጽሑፍና በሺህ የሚቈጠር የባንክ ካርድ ቍጥር ተገኘ።

በከተማችን ተማሪው የትምህርት ማስረጃውን፣ ሥራ ፈላጊው መታወቂያውን በኢንተርኔት ቤት ያሳትማል። ለማሳተም ሲል ፋይሉን ከኢሜሉ ወይም ከቴሌግራሙ ያወርዳል፤ ወረቀቱን ይቀበላል፣ ሒሳቡን ይከፍላል፣ ይሄዳል። ፋይሉ ግን «ዳውንሎድስ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ ቀርቷል። ከእርሱ በኋላ የሚቀመጠው ሰው ማን እንደ ሆነ አያውቅም። አሳታሚ ዞር ከማለቱ በፊት ያወረደውን ያጥፋ፤ ከገባበት ገጽም ይውጣ። ፍጹም አይደለም፤ ሆኖም ዋናውን በር ይዘጋል።

ሁልጊዜ የሚደርስ ጉዳት

በመጨረሻ፣ በየጽሕፈት ቤቱ ከሁሉ ይልቅ የሚያስለቅሰውን ነገር ልንገራችሁ። አንድ ጸሓፊ ከአለቃው በኢሜል የመጣለትን የሪፖርት ረቂቅ እዚያው ኢሜሉ ውስጥ ተጭኖ ከፈተው እንበል። ብዙ የኢሜል ፕሮግራሞች እንዲህ የተከፈተን ፋይል ቅጂ አድርገው ከጊዜያዊ ፎልደሮቻቸው በአንዱ ውስጥ ያኖሩታል። ጸሓፊው ይህን አያውቅም። ሦስት ሰዓት ሙሉ ያርማል፤ በየመካከሉም «ሴቭ» ይላል፤ ፕሮግራሙም ይታዘዛል። የተቀመጠው ግን በቴምፕ ነው፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ሲዘጋ የራሱን ብጣሽ የመጥረግ ልማድ አለው። በነጋታው ጸሓፊው ኢሜሉን ሲከፍት የሚያገኘው ያልታረመውን የትናንቱን ረቂቅ ነው። «ሴቭ አድርጌ ነበር» ሲል እውነቱን ነው፤ አለቃው ግን ሊያምነው ይከብደዋል። በዚፕ ታሽጎ የመጣን ፋይል ከነጥቅሉ ከፍቶ የሚያርምም ሰው በዚሁ ጕድጓድ ይወድቃል።

መድኀኒቱ ቀላል ነው። በኢሜል የመጣን ጽሑፍ ከማረማችሁ በፊት «ሴቭ አዝ» ብላችሁ እናንተ ስም በምታወጡለት ፎልደር አኑሩት፤ ዚፕ የሆነውን አስቀድማችሁ አውጡት። ለቀጠሮ የሚፈለግ ነገር በቴምፕም በዳውንሎድስም አታሳድሩ። የደከማችሁበት ሥራ ሁሉ ሁለተኛ ቅጂ በፍላሽ ወይም በሌላ ስፍራ ይኑረው። ቴምፕን ራሳችሁ ልትጠርጉ ብትነሡ፣ ፕሮግራሞቻችሁን ዘግታችሁ፣ ኮምፒዩተሩን አጥፍታችሁ ካስነሣችሁ በኋላ ይሁን፤ ዊንዶውስ «በሥራ ላይ ነው» ብሎ የከለከላችሁን ፋይል ደግሞ ተዉት፣ ባለቤቱ በውስጡ አለና።

ኮምፒዩተር ውዳቂን ከንብረት አይለይም፤ ዕድሜና ስም ብቻ ያውቃል። ስለዚህ ነገ ጧት ቢሮ ወይም ቤተ መጻሕፍት ገብታችሁ ማሽኑን ስትከፍቱ ራሳችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ። አሁን የምሠራበት ጽሑፍ በየትኛው ፎልደር ውስጥ ነው? ቦታውን በስሙ ጠርታችሁ መመለስ ካልቻላችሁ፣ አንድም መስመር ሳትጨምሩ በፊት ፈልጋችሁ አግኙት።